ከካሜራው ጋር መንፊያውንም ላኩ

ውጭ የምንኖር ሰዎች ለአገር ቤት ሰው ካሜራ መላክ እንወዳለን። ደብረ ብርሃን ላይ ሠርግና ክርስትና ለሚቀርጽ ወንድም፣ ደብረ ሲና ፎቶ ቤት ለከፈተች የአክስት ልጅ ትልቅ ስጦታ ነው። ካሜራውንና ሌንሱን እንልካለን። ዕድሜውን የሚያረዝመውን ትንሽ ዕቃ፣ መንፊያውን፣ ብሩሹን፣ ጨርቁን ግን እንረሳለን፤ ሁሉም ተሰብስቦ ከአንድ የሻንጣ ኪስ አይበልጥም።

እዚህ ካሜራ ሲያስቸግር ወደ ጥገና ማዕከል ይላካል። የእጅ ዋጋው ስለሚወደድ ብዙው ሰው ከማስጠገን ሌላ መግዛት ይቀለዋል። አገር ቤት ግን ካሜራ እንጀራ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ዓመት መሥራት አለበት። መመሪያው ላይ «ወደ አገልግሎት ማዕከል ይውሰዱ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ለደብረ ብርሃን ባለሙያ ግን ይህ ማለት ሥራ አቁሞ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት ነው። ስለዚህ እዚያ ያለው ሰው እኛ ለባለሙያ የምንተወውን ሥራ ራሱ ማወቅ ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ጠላት አቧራ ነው። በበጋ የደጋው ነፋስ የሚያነሣው አቧራ የአፈርና የድንጋይ ደቃቅ አለበት። ሌንስ በነጠላ ጫፍ ወይም በከነቴራ ሲጠረግ ያ ደቃቅ መስታወቱ ላይ እንደ ሞረድ ይሄዳል፤ ነጸብራቅ የሚከላከለውን ስስ ቅብ ይጭረዋል። የተጫረ ቅብ ደግሞ አይመለስም። ከማንኛውም መጥረግ በፊት መንፋት ይቀድማል። ሌንሱን ወደ መሬት አዙሮ፣ ሲጨመቅ አየር የሚተፋውን የጎማ መንፊያ አምስት ስድስት ጊዜ መጭመቅ ነው። በአፍ መንፋት ምራቅ ይረጫል። የቀረውን ብናኝ ለስላሳ ብሩሽ ያነሣዋል፤ የብሩሹን ጠጉር ግን ጣት አይንካው፣ የጣት ቅባት ወደ መስታወቱ ይተላለፋል። ጨርቁ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። የሌንስ ፈሳሽ አንድ ጠብታ ጨርቁ ላይ ይደረግና ከመሃል ወደ ዳር እየዞሩ በስሱ መጥረግ ይበቃል። ፈሳሹ በቀጥታ መስታወቱ ላይ ከፈሰሰ በጠርዙ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ጥምቀትም ሆነ ሠርግ የቀረጸ ካሜራ የዕጣንና የቡና ጭስ ስስ ቅባት ይዞ ስለሚመለስ፣ ያን ዕለት ደረቅ ጨርቅ ብቻውን ቅባቱን ከማዳረስ በቀር አይጠቅምም።

ሌንስ ሲቀየር ካሜራው ይጥፋ፣ ጀርባ ለነፋሱ ይሰጥ፣ የካሜራው አፍ ወደ ታች ይሁን። የሚገባው ሌንስ የኋላ ክዳኑ ላልቶ አስቀድሞ እጅ ላይ ይዘጋጅ። ሴንሰሩ (ከሌንሱ ኋላ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል) መቆሸሹን ለማወቅ አፐርቸሩን (የሌንሱን ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) f/16 ላይ አድርጎ፣ ፎከሱን አደብዝዞ ነጭ ግድግዳ ማንሣት ነው። በየፎቶው አንድ ቦታ ላይ የሚደገም ጥቁር ነጥብ ከታየ አቧራው ያለው ሴንሰሩ ላይ ነው። መጀመሪያ በመንፊያው ብቻ ይሞከር። ከሴንሰሩ ፊት አንጸባራቂ መስታወት ያለው ካሜራ (DSLR) ከሆነ፣ ሲጸዳ መስታወቱ ተነሥቶ ስለሚቆይ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ ካለቀ መስታወቱና መዝጊያው (ሻተሩ) ከውስጥ ባለው ማጽጃ ላይ ይወርዳሉ። በቆርቆሮ የታሸገ የአየር ስፕሬይ ለሴንሰር ፈጽሞ አይሆንም፣ ፈሳሽ ሊተፋ ይችላል። የሴንሰር መጥረጊያ ዱላ የምትልኩ ስፋቱን ተመልከቱ፦ ለትልቁ ሴንሰር (ፉል ፍሬም) 24 ሚሊ ሜትር፣ ለአነስተኛው ሴንሰር (APS-C) 16። አንዱ ዱላ በአንዱ ጎን ሄዶ በሌላው ጎን ተመልሶ ይጣላል።

ሌላው የአገሩ ቁልቁለት ነው። በረዶ ውስጥ ቆይተን የሞቀ ቤት ስንገባ መነጽራችን በጉም ይሸፈናል። ሰሜን ሸዋ ላይም በአንድ ጉዞ ያው ነገር ይደርሳል። ደብረ ብርሃን በውርጭ ያደረ ካሜራ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር አልፎ፣ 1300 ሜትር ገደማ ወዳለው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ብረቱና መስታወቱ ገና ቀዝቃዛ ናቸው፤ ሞቃቱ አየር ሲነካቸው ጤዛ ይሠራል፣ ጤዛው ውስጥ ከገባ ደግሞ ኤሌክትሮኒክሱን ያበላሻል። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከብርዱ ሳይወጣ ካሜራውን በፌስታል ጠቅልሎ አፉን አጥብቆ ማሰር። ሮቢት ሲደርሱ እንደታሰረ አንድ ሁለት ሰዓት ይቆይ፤ ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይቀራል። እስከዚያ ማብራትም ሌንስ መንቀልም አይገባም። የሠርግ ቀራጭ ቀድሞ መነሣት ያለበት ለዚህ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ለማንሣት ወደ መንዝ ጓሳ የሚወጣ ደግሞ ብርዱ ባትሪ ስለሚያደክም መለዋወጫውን በውስጥ ኪሱ ይያዝ።

በክረምት ሌንስ ሻጋታ ያበቅላል፤ በመስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይታያል። የቆዳ ቦርሳ እርጥበት ስለሚይዝ ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃና እርጥበት የሚስቡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች ይሻላሉ። በጄሉ ፋንታ ሩዝ አይጠቅምም፤ ዱቄቱ ራሱ አቧራ ነው።

ከአሜሪካ ፍላሽ ቻርጀር ወይም የስቱዲዮ መብራት የምትልኩ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 100-240 ቮልት የሚል ከሆነ የመሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ብቻ የሚለው በአገር ቤት 220 ላይ እንደተሰካ ይቃጠላል። ለተቀባዩም ይህን ንገሩት፦ መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ይንቀል፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ይሰካ፤ ኃይሉ መጀመሪያ ሲመጣ ከፍ ዝቅ ይላል።