ለማላውቀው ጣሪያ አረቦን ልክፈልን?

የክርክሩ ርዕስ «በእንግሊዝና በዌልስ ቤት የሚገዛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ጥገና ዕዳን የሚሸፍን መድን መግዛት አለበት» የሚል ነው። ደጋፊዋ በቤት ግዢ የሕግ ጉዳዮች ላይ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው፤ ተቃዋሚው በቅርቡ በርሚንግሃም ቤት የገዙ አባወራ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደጋፊ፦ በጥንቱ የእንግሊዝ ሥርዓት የደብሩ አስተዳዳሪ ከገበሬው አሥራት ይቀበል ነበር። በምላሹም መሠዊያው ያለበትን የቤተ ክርስቲያኑን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ቻንስል የሚባለውን፣ የማደስ ግዴታ ነበረበት፤ የቀረውን የሚያድሱት ምእመናኑ ነበሩ። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ገዳማቱን ሲዘጋ በእጃቸው የነበረው መሬትና አሥራት ለመኳንንትና ለባለሀብቶች ተላለፈ፤ ግዴታውም አብሮ ሄደ። መሬቱ ተሸንሽኖ ቤት ከተሠራበት በኋላም ቢሆን ግዴታው አልተላቀቀውም። በ1932 የወጣው ሕግም ሰበካ ጉባኤው ባለመሬቱን በፍርድ ቤት የሚያስከፍልበትን መንገድ ደነገገ።

ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አለመሆኑን በዎሪክሻየር ከምትገኘው ከአስተን ካንትሎ መንደር እንረዳለን። አንድ የእርሻ ባለቤት የሆኑ ባልና ሚስት 95 ሺህ ፓውንድ ያህል ተጠየቁ፤ አንከፍልም ብለው ተሟገቱ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ቢፈርድላቸውም በዚያን ጊዜ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት የነበረው የጌቶች ምክር ቤት በ2003 ፍርዱን ሻረው፤ በ2007 ዕዳቸው ከ186 ሺህ ፓውንድ በላይ ሆኖ ተወሰነ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈለው አረቦን ግን ብዙ ጊዜ መቶ ፓውንድ እንኳ አይሞላም። በዚህ ገንዘብ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ተቃዋሚ፦ የእህቴን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም የሰማሁት ይህንኑ ነበር። የርክክቡ ሒሳብ ሲደርሰኝ በመዝገብ ቤት ክፍያና በባንክ ማስተላለፊያ ክፍያ መካከል «የካሳ መድን» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ምንነቷን ስጠይቅ «ትንሽ ገንዘብ ናት፣ ባንኩም ይፈልጋታል» ከሚል መልስ በቀር አላገኘሁም። በኋላ ቤቱ ይህ ግዴታ ይኖርበት እንደሆነ ለማየት በግዢው ጊዜ የተደረገውን የፍለጋ ወረቀት አስልኬ አነበብኩት። የሚለው፣ ቤቱ ያለበት ደብር እንዲህ ያለ ግዴታ ሊኖርባቸው ከሚችሉ ደብሮች አንዱ መሆኑን ብቻ ነው። ስለ እኔ ቦታ አንድም ቃል የለበትም።

እህቴ ያለፉት ትልቅ ነገርም አለ። ይህ ግዴታ በመዝገብ ላይ ሳይሰፍር ገዢን ያስገድድ የነበረበት ዘመን ኦክቶበር 13 ቀን 2013 አብቅቷል። ከዚያ ወዲህ በመሬት መዝገብ የገባ ቤት በገንዘብ የገዛ ሰው፣ መዝገቡ ላይ ማስታወሻ ካልተጻፈበት በቀር፣ ግዴታው እንዳይከተለው ታስቦ ሕጉ ተለውጧል። የቤቴን መዝገብ የዕዳ ክፍል ከላይ እስከ ታች አይቼዋለሁ፤ የባንኩ ብድር እንጂ ሌላ ዕዳ የለበትም። ነገሩን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ የሰፈሩን ቄስ ጠይቄ በአንድ ቀን እገላገል ነበር።

ደጋፊ፦ ወንድሜ፣ «ቄሱን እጠይቅ ነበር» ያሉትን ሳነብ ደነገጥኩ፤ ይህን ምክር አምኖ የሚሄድ አንባቢ ይኖራልና። እነዚህ መድኖች በተለምዶ ከሚይዟቸው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ፣ መድን ገቢው ስለ ጉዳዩ ቤተ ክርስቲያኒቱን አለማነጋገሩ ነው። ያነጋገረ ሰው ሽፋኑን ሊያጣ ይችላል። ጉዳቱም በእርስዎ አያበቃም። የሰበካ ጉባኤ አባላት የበጎ አድራጎት ድርጅት ባለአደራዎች ናቸው፤ ረስተውት የነበረውን መብት ሰው ሲያስታውሳቸው ዝም ብለው ማለፍ ሊከብዳቸው ይችላል። ከ2013 በፊት ጀምሮ ቤታቸውን የያዙ ጎረቤቶችዎ መዝገብ ላይ ማስታወሻ ዛሬም ሊገባ ይችላል። እነዚያ አዛውንት ቤታቸውን ሲሸጡ ገዢ ቢሸሽባቸው ምን ሊሏቸው ነው?

የ2013ቱንም ለውጥ ቢሆን እርስዎ እንዳሉት የተዘጋ በር አድርጌ አላየውም። ይህ ግዴታ በመዝገብ ሕጉ አነጋገር የመሬት መብት መሆን አለመሆኑ ራሱ አከራካሪ ነው፤ የሕጉ ሐሳብ ግልጽ ቢሆንም ቃሉ ጥርት ብሎ አልተጻፈም የሚሉ የሕግ ሰዎች አሉ። አረቦኑ የሚከፈለው እንዲህ ላለው ክፍተት ነው።

ተቃዋሚ፦ ማንንም ጎረቤት አልጎዳሁም። ቀድሜ ባውቅ አደርገው ነበር ያልኩትን፣ ያደረግሁት አስመስለው በአዛውንቶች ፊት አቆሙኝ፤ ይህ ከእህቴ የምጠብቀው አልነበረም። ደግሞም የነገሩን አደጋ ያስረዱኝ ዛሬ በዚህ ክርክር ነው። ውሉን ባስፈረመኝ ቢሮ ቄሱን እንዳላነጋግር የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቄሱ ሰላም ሲሉኝ አንዲት ቃል ባወጣ መድኔ ከንቱ ሊሆን ይችል ነበር፤ እኔም አላውቅም። እንዲህ ያለ ውል የፈረመ ሰው ጥያቄ ሲያነሣ «ጊዜ ማባከን» ይባላልን?

ስለ አስተን ካንትሎም ያልተነገረ አለ። እነዚያ ባልና ሚስት መሬቱን የያዙት ግዴታው እንዳለበት እያወቁ መሆኑ በፍርዱ ተጽፏል። አስቀድሞ የታወቀን ዕዳ እኛ የምንከፍልበት ተራ መድን አይሸፍነውም። ታዲያ የእነርሱ መከራ ለእኔ አረቦን እንዴት ማስረጃ ይሆናል?

ደጋፊ፦ ቄሱን እጠይቅ ነበር ማለትዎን አሁንም አልተዉትም፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ብቻ አዛወሩት። ምክሬ አንድ ነው፤ አይጠይቁ። አበዳሪው ባንክ መድኑን ከጠየቀ ያለ እርሱ ብድሩ አይለቀቅም፤ ቤቱም አይገዛም። መዝገቡ ባዶ ስለሆነ ብቻ የሚተማመኑም ይጠንቀቁ፤ የ2013ቱ ጥበቃ የተሰጠው በገንዘብ ለገዛ ሰው ነው፤ ቤቱን በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘ ልጅ ያንን ጥበቃ አያገኝም። ደንበኛው በሚገባ ይነገረው ከተባለ ግን እስማማለሁ፤ ያንን ተቃውሜ አላውቅም። ደንበኛው ይነገረው ማለትና መድኑን አይግዛ ማለት ለየቅል ናቸው።

ተቃዋሚ፦ አይግዛ ብዬ አላውቅም። ሳይነገረው አያስገዙት ነው ያልኩት፤ እህቴ እዚህ ላይ ከተስማሙ የያዙት ርዕስ «መግዛት አለበት» ይል እንደነበር ያስታውሱ። የሥጋ እህቴ ልጅ ቤት ሊገዛ ነው። ከመፈረሙ በፊት አብሬው ከጠበቃው ፊት እቀመጣለሁ። ፍለጋው ስለ ደብሩ ነው ወይስ ስለዚህ ቦታ? ሻጩ ቤቱን ከመቼ ጀምሮ ይዞታል? መድኑን የጠየቀው ባንኩ ነው ወይስ ቢሮው በልማድ የሚጨምረው? ልጁ ለማን ምን መናገር የለበትም? እነዚህን በጽሑፍ እንዲመልስልን እጠይቀዋለሁ። መልሱ አጥጋቢ ከሆነ አረቦኑን እኔው እከፍልለታለሁ። በመቶ ፓውንድ አትከራከሩ ካለን ግን ሌላ ጠበቃ እንፈልጋለን።