ፍለጋው የሚስተው በአማርኛ ምክንያት አይደለም

«አማርኛ ለኮምፒዩተር አይመችም» የሚለው ቅሬታ የወረቀት መዝገብን ወደ ኮምፒዩተር ከሚያስገቡ ሰዎች ደጋግሞ ይሰማል፤ ደብረ ብርሃንም ከዚህ የተለየች አይደለችም። በእኔ እምነት ግን ችግሩ ያለው በፊደላችን ሳይሆን ለፍለጋ በምንጽፈው ቀመር ላይ ነው።

የኮምፒዩተር ሳይንቲስቱ ኬን ቶምፕሰን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ለጽሑፍ ፍለጋ ያዋለው ሬጉላር ኤክስፕሬሽን፣ ማለትም ይህ የፍለጋ ቀመር፣ ድምፅንም ትርጉምንም አያውቅም፤ የሚያስተያየው የፊደላትን መለያ ቁጥር ነው። ስለዚህ «መንዝ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «የመንዝ»ን ሲያገኝ «የመንዙ» እና «መንዜ» ያመልጡታል፤ ዝ፣ ዙ እና ዜ ለእኛ የአንድ ፊደል እርባታ ቢሆኑም ለእያንዳንዱ ፊደል መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸውና። በቅንፉ ውስጥ ካሉት ፊደላት አንዱን ፈልግ ለማለት «መን[ዝዙዜ]» ብሎ ቢጽፍ ሁሉንም ባገኘ ነበር። ሀ፣ ሐ እና ኀም በዚሁ መንገድ ይያዛሉ።

ከዚህ የሚከፋው ግን ያልተፈለገውን መጠቅለሉ ነው። «ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ደብረ ሲናን አለፈ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ላይ «ደብረ.*ን» የሚል ቀመር (ነጥቡ «ማንኛውም ፊደል»፣ ኮከቡ ደግሞ «የቱንም ያህል ጊዜ» ማለት ነው) ብንሰጠው፣ ፍለጋው ከግራ ተነሥቶ የመጀመሪያውን «ደብረ» ይይዝና ኮከቡ የቻለውን ያህል ስለሚስብ እስከ መጨረሻው ን ድረስ «ደብረ ብርሃን ወጥቶ ደብረ ሲናን» የሚለውን በሙሉ ይወስዳል። ከኮከቡ ቀጥሎ የጥያቄ ምልክት ቢጨመር በመጀመሪያው ን ላይ ቆሞ «ደብረ ብርሃን»ን ብቻ ይመልሳል። አንዲት ምልክት ናት፤ ፍለጋው «ተካ» ከሚል ትእዛዝ ጋር ሲሄድ ግን መቅረቷ ከተማ ከመዝገብ ያጠፋል።

አማራጭ በሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ መሣሪያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። «ሸዋ|ሸዋ ሮቢት» (ሸዋ ወይም ሸዋ ሮቢት) ሲባል የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተንና ጃቫስክሪፕት ቀድሞ የተጻፈውን «ሸዋ» ይዘው ያቆማሉ፤ ፖዚክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ደንብ የሚከተሉት ግን ረጅሙን ይመርጣሉ። ረጅሙን ስም አስቀድሞ መጻፍ ከሁለቱም ጋር ያስማማል።

በጃቫስክሪፕት ያለው የቃል ወሰን ምልክት (ቃል የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ቦታ የሚያመለክተው) ከላቲን ፊደል፣ ከአሃዝና ከሥር መስመር ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ቃል አካል ስለማይቆጥር፣ ይህን ምልክት ይዞ ከእንግሊዝኛ መማሪያ እንዳለ የተቀዳ ቀመር በሁለት ክፍት ቦታዎች መካከል የተጻፈውን «አንኮበር» ሳያገኝ ይመለሳል። ያን ባዶ ውጤት ያየ ሠራተኛ «መዝገቡ ውስጥ የለም» ብሎ ባለጉዳይ ቢያሰናብት አይፈረድበትም፤ የሚጠየቀው ቀመሩን የጻፈው ነው። በእኔ አስተያየት መሥሪያ ቤቶች እንዲህ ያለ ሥራ ሲያሠሩ፣ አንዳች ነገር ከመተካቱ በፊት ቀመሩ የያዘው ሁሉ በዝርዝር ወጥቶ የአገሩን ስም በሚያውቅ ሰው እንዲታይ በውላቸው ውስጥ ሊያስገቡ ይገባል።