«አያምህም» ብዬው ነበር

ልጅን ለቀዶ ጥገና ስለማዘጋጀት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ላይ «ከቀዶ ጥገና በፊት ልጁን አያምህም ብላችሁ አትዋሹት» የሚለው ምክር ልቤን ነካው። እኔ ዋሽቻለሁ። የ7 ዓመት ልጄ ትርፍ አንጀቱን ኦፕራሲዮን ሲሆን «ምንም አያምህም፣ ተኝተህ ትነሳለህ» አልኩት። ሲነቃ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ቀን ሙሉ ከእጄ መድኃኒት አልቀበልም አለ። ከነርሷ ብቻ ነበር የሚቀበለው።

ያቺ ነርስ፣ እድሜ ይስጣት፣ ብዙ አስተምራናለች። ሳል ሲመጣበት ትንሽ ትራስ ሆዱ ላይ ጥብቅ አድርጎ እንዲያቅፍ አሳየችው። ማስታገሻውንም «ሕመሙ እስኪበረታ አትጠብቁ፣ በሰዓቱ ይውሰድ» አለችን። ከአልጋ ወርዶ መራመዱ አንጀቱ ቶሎ ሥራ እንዲጀምር ይረዳዋል። እኛ ግን «ይረፍ» እያልን ልንይዘው ነበር! መጀመሪያ እስከ በሩ፣ በማግስቱ እስከ ኮሪደሩ መስኮት ሄደ። የግቢዋን ድመት ሊያይ።

ጠያቂዎች፣ በናታችሁ፣ ሐኪም ሳይፈቅድ ጁስ አታቅምሱት። አልጋው አጠገብ ቆማችሁም የሌላ ሰው ኦፕራሲዮን አታውሩ። ልጅ ይሰማል።

ቤት ከገባን በኋላ ለሳምንት ያህል አልጋው ላይ ይሸና ነበር። አልተቆጣነውም። አንሶላውን ቀይሬ አጠገቡ እተኛለሁ። ቁስሉ ከቀላ፣ መግል ከያዘ ወይም ልጁን ካተኮሰው ግን ነገ ሳትሉ ወደ ሐኪም ውሰዱት።