ኪስ ወይስ ቦርሳ፦ ምርጫ ተብሎ የተሸጠልን ብሶት

ከኪስ የሚገባውን ትንሹን ኮምፒውተር ልያዝ ወይስ ላፕቶፕ ተሸክሜ ልዙር ብዬ ምክር በጠየቅሁ ቁጥር፣ ሻጩም፣ ባለሙያ ነኝ ባዩም፣ በቪዲዮ ዕቃ የሚገመግመውም እንደተማከሩ ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ይሰጡኛል፦ «መጀመሪያ ለምን ሥራ እንደሚፈልጉት ይወስኑ»። ሥራዬንማ አውቃለሁ። ጠዋት ወረፋ ላይ ቆሜ የማርመውን ፋይል ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ይዤ እጨርሰዋለሁ፤ ማታ ደግሞ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ የመጨረሻውን ገጽ አነበዋለሁ። ሰውዬው አንድ፣ ፋይሉም አንድ ሆኖ ሳለ፣ እኔን «ተንቀሳቃሽ ተጠቃሚ» እና «የቢሮ ተጠቃሚ» ብለው ለሁለት ከፍለው ለእያንዳንዱ ግማሼ የተለየ ዕቃ እንድገዛለት ይጠብቃሉ። ብሶቴ ይኸው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ጥፋቱ ሁሉ የአምራቾች ነው አልልም። ጣትና ዓይን የሚባሉ፣ ቴክኖሎጂ ስለተራቀቀ ብቻ የማያንሱ ነገሮች አሉ። የተለመደው ኪቦርድ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ቀጣዩ ቁልፍ መሐል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት አለው። በላይኛው የፊደል ረድፍ ላይ ዐሥር ፊደሎች ስላሉ እነርሱ ብቻቸውን 19 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋሉ። ባለ 7 ኢንች ስክሪን ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለካ እንኳ 18 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ስለዚህ ቁልፎቹን ማጥበብ ግድ ይሆናል፤ ቁልፎቹ ሲጠቡ ነጠላ ሰረዙና የጥያቄ ምልክቱ ከለመድነው ቦታ ተፈናቅለው ከሌላ ቁልፍ ጋር በደባልነት ይቀመጣሉ፤ በዐሥር ጣቱ ሳያይ መጻፍ የለመደ ሰውም ተመልሶ በሁለት አውራ ጣት ፊደል ለቃሚ ይሆናል። ይህን የትኛውም ኩባንያ ሊያሸንፈው አይችልም፤ እኔም በዚህ አልከሰውም። የምከሰው ይህንኑ እያወቀ በካርቶኑ ላይ «ሙሉ ኪቦርድ» ብሎ ሲጽፍልኝ ነው።

«ሁሉንም ይሠራል» የሚባለውን ትንሽ ዕቃ በተግባር እንየው። ቆማችሁ ሳለ በአንድ የሒሳብ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ቁጥር እንድታርሙ ተጠየቃችሁ እንበል። ፋይሉ ይከፈታል፤ እሰየው። ሳጥኗን ስትነኩ ኪቦርዱ ከሥር ብድግ ብሎ የስክሪኑን እኩሌታ ይሸፍናል፤ የሸፈነው ደግሞ በትክክል ልታርሙት የፈለጋችሁትን ረድፍ ነው። ገጹን ወደ ላይ ልትገፉ ስትሞክሩ ጣታችሁ መግፋቱን ትቶ ሦስት ሳጥኖችን በአንድ ላይ ይመርጣል። ምርጫውን ለማጥፋት ባዶ ቦታ ስትነኩ ባዶ የመሰላችሁ ቦታ ቀመር ያለበት ሳጥን ሆኖ ይገኛል፤ የምትጽፉት ቁጥር ቀመሩን ይተካና በግርጌ ያለው ድምር ይለወጣል። ድምሩ ከስክሪኑ ውጭ ስለሆነ መለወጡን አታዩትም። ፋይሉ ራሱን በራሱ የሚያስቀምጥ በመሆኑም ስሕተታችሁ እናንተ ሳትነቁ ለሥራ ባልደረቦቻችሁ ሁሉ ይደርሳል። በላፕቶፕ ላይ ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ላፕቶፑ ግን ቦርሳ ውስጥ ነው፤ እጃችሁ ላይ ደግሞ ሌላ ዕቃ አለ፤ ወረፋውም እየተንቀሳቀሰ ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው 200ኤልኤክስ የተባለ የእጅ ኮምፒውተር ኤምኤስ-ዶስ በተባለው ከዊንዶውስ በፊት በነበረው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ፣ ሎተስ 1-2-3 የሚባለው የሒሳብ ሰንጠረዥ ፕሮግራም አብሮት የተጫነለት፣ ከማንኛውም ሱቅ በሚገኙ ሁለት ባትሪ ድንጋዮች የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነበር። በ1996 ፓይለት የተባለው የፓልም ኩባንያ የእጅ መሣሪያ ሲመጣ ደግሞ ፈጣሪው ጄፍ ሆኪንስ ዕቃው ከመሠራቱ በፊት በልኩ የተቆረጠ እንጨት ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይዞር እንደነበር በሰፊው ይታወቃል፤ ቀጠሮ ሲያስይዙት እንጨቱን አውጥቶ እንደሚጽፍበት ሆኖ ይሞክረው ነበር። (የዛሬዎቹን የሚሠሩ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ እንጨት በኪሳቸው ይዘው የዋሉ አይመስለኝም።) በ1997 የወጣው የሳይዮን ኩባንያ የእጅ ኮምፒውተር፣ ሲሪስ 5፣ ክዳኑ ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ተንሸራቶ ይወጣ ስለነበር በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ እንኳ ደብዳቤ ይጻፍበት ነበር። ከእነዚህ ውስጥ በተለይ ፓይለትን የማከብረው ቦታውን ስለሚያውቅ ነው። ትልቁን ኮምፒውተር እተካለሁ ብሎ አልተነሣም፤ ከማስቀመጫው ላይ አኑረው አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ በኪስ የተጻፈው ሁሉ ከጠረጴዛው ኮምፒውተር ጋር ይመሳሰልና ሁለቱም አንድ ነገር ይናገሩ ነበር።

የዛሬዎቹ ግን ቦታ የሚባል ነገር አያውቁም። በመዳፍ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ ይከቱና «ላፕቶፕዎን ይጣሉት» ይሉናል። ስክሪኑ 1920 በ1080 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች) ነው ተብሎ ይነገረናል፤ በቁጥር ከብዙ ላፕቶፖች ጋር እኩል መሆኑ ነው። ነገር ግን ያ ሁሉ ፒክስል በ7 ኢንች ላይ ሲታጨቅ በአንድ ኢንች 315 ገደማ ይሆናል፤ ጽሑፉም በዓይን የማይለቀም እስኪሆን ይደቃል። እንዲነበብ ብላችሁ መጠኑን እጥፍ ስታደርጉት በተግባር የሚተርፋችሁ የ960 በ540 ያህል ቦታ ብቻ ነው፤ ከዚያ ላይ የፕሮግራሙ የላይኛው ዝርዝርና የታችኛው መስመር ድርሻቸውን ሲወስዱ ለሥራችሁ ጥቂት መስመሮች ይቀራሉ። በማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የመጀመሪያው ቁጥር ነው፤ ሁለተኛውን የምታውቁት ዕቃውን ቤት ካስገባችሁ በኋላ ነው።

የባትሪው ሒሳብ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። በላፕቶፕ ላይ የባትሪ ዐቅም በዋት-ሰዓት፣ ማለትም ባትሪው በያዘው ጠቅላላ ጉልበት፣ ይጻፋል፤ በትንንሾቹ ላይ ቮልቱን በማይቆጥረው በሚሊ አምፒር-ሰዓት ይጻፋል። 5,000 ሲባል ጆሮ ይሞላል፤ ነገር ግን በባትሪው ቮልት፣ ማለትም በ3.85 ገደማ፣ ተባዝቶ ለ1,000 ሲካፈል 19 ዋት-ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ 57 ዋት-ሰዓት ከያዘ ላፕቶፕ ሢሦው ማለት ነው። ገዢው እንዳያወዳድር ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ባልልም ውጤቱ ያው ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2022 ለጨዋታ ያወጣውና ከዊንዶውስ ይልቅ በሊኑክስ የሚሠራው በእጅ የሚያዝ ኮምፒውተር፣ ስቲም ዴክ፣ 40 ዋት-ሰዓት ባትሪ ይዞ፣ ኩባንያው ራሱ እንደ አጠቃቀሙ ከ2 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል ብሎ ተናግሯል። ቢያንስ በግልጽ ተናግሯል፤ አከብረዋለሁ። ወርዱ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውምና በኪስ የሚያዝ ቢባል የማን ኪስ እንደሆነ ይጠየቃል። ትንሽ አካል ሙቀት የሚበተንበት ስፋትም የለውም። ሥራ ሲከብደው ወይ ፋኑ ይጮኻል፣ ወይ ፕሮሰሰሩ ራሱን ያቀዘቅዝ ዘንድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሁለቱንም ባንድነት የሚያደርጉም አሉ።

ላፕቶፑስ? እርሱን ከዚህ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሥራ ይሠራል። በቀረው ግን እርሱም የራሱ መዓት አለበት። ጠረጴዛ ከሌለ ግማሽ ዕቃ ነው፤ ከፊት የተቀመጠው መንገደኛ ወንበሩን ወደ ኋላ ያዘነበለ ዕለት ስክሪኑ ወደ አገጫችሁ ይጠጋና በታጠፈ ክርን የምትጽፉት ሁሉ ስሕተት ይሆናል። ክዳኑን ዘግታችሁ ቦርሳ ስትከቱት ተኝቷል ብላችሁ ታምኑታላችሁ፤ እርሱ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅቶ ዝማኔ ሲያወርድ ውሎ፣ ቦርሳውን አሙቆ፣ በደረሳችሁበት ቦታ ባዶ ባትሪ ያስረክባችኋል። ቀጭን ይሁን ተብሎ ሚሞሪው ከሰሌዳው ጋር ስለሚበየድ ከተገዛ በኋላ መጨመር የለም። አንዲት የስልክ ቁጥር ለመመልከት ሲባል አውጥቶ፣ ከፍቶ፣ የይለፍ ቃል አስገብቶ፣ ኢንተርኔት እስኪያገኝ መጠበቅ ደግሞ ሥራ ሳይሆን ሥነ ሥርዓት ነው።

እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ ግን በትዕግሥት እችለው ነበር። ደሜን የሚያፈላው ምርጫው ራሱ ከተፈጥሮ ይልቅ ከሻጭ ፈቃድ የመጣ መሆኑ ነው። አፕል በ2020 መጨረሻ ኤም1 የተባለውን ፕሮሰሰር ማክቡክ ኤር በተባለው ላፕቶፑ ላይ ሰካው፤ በ2021 ያንኑ ኤም1 አይፓድ ፕሮ በተባለው ታብሌቱ ውስጥ አስገባው። ልቡ አንድ ነው፤ ላፕቶፑ ግን የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን እንዲያሠራ ተፈቅዶለታል፣ ታብሌቱ ተከልክሏል። ጎግል በ2024 በላከው ዝማኔ ፒክስል 8 የተባሉት የራሱ ስልኮች ምስላቸውን በዩኤስቢ-ሲ ገመድ ወደ ውጭ ስክሪን እንዲያወጡ አደረገ፤ የሰው እጅ ውስጥ ገብቶ የቆየው ስልክ አንድም ብሎን ሳይነካ አዲስ ችሎታ አገኘ። ከዚያ በፊት ችሎታው ያልነበረው ዕቃው ስላልቻለ ሳይሆን ስላልተፈቀደለት ነው። ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ጥቂት ዓመታት ካስቆጠረ ላፕቶፕ የማይተናነስ ጉልበት ይዞ፣ ስክሪንና ኪቦርድ ሲሰኩለት ኮምፒውተር መሆን ሲገባው፣ ብዙዎቹ ቀዳዳው ኖሯቸው እንኳ ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማሻገር ያለፈ ነገር አይሠሩም።

ሐሳቡ የጠፋባቸው እንዳይመስላችሁ። ሞቶሮላ በ2011 አትሪክስ የተባለውን ስልክ ሲያወጣ፣ ስልኩ ከጀርባ ሲሰካበት ላፕቶፕ የሚሆን ስክሪንና ኪቦርድ አብሮ አቅርቦ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2015 ኮንቲኒዩም ብሎ ሞክሮታል። ሳምሰንግ በ2017 ያመጣው ዴክስም ስልኩን ከስክሪን ጋር ሲያገናኙት መስኮትና የተግባር መስመር ያለው ገጽ ይከፍታል፤ ከሁሉም ዕድሜ ያገኘው እርሱ ነው፤ የሚገኘው ግን በተመረጡ ውድ ስልኮች ላይ ነው። አንዱ ዕቃ የሁለቱን ሥራ ከሠራ ሁለተኛውን የሚገዛ እንደማይኖር ሒሳብ የማያውቅ ሰው እንኳ ያውቃል። እነርሱ ደግሞ ሒሳብ ያውቃሉ።

እንግዲህ «ሁለቱንም ግዛና ተገላገል» የሚል ምክር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላቸዋል። ሁለት ዕቃ ማለት ሁለት ቻርጀር፣ ሁለት ዝማኔ፣ ሁለት የይለፍ ቃል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለት የፋይል ግልባጭ ነው። ፋይሉን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጡት ይሉናል፤ አስቀመጥነው። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ በትንሹ ላይ ያረምነውና በላፕቶፑ ላይ ቀድሞ ተከፍቶ የቆየው ሲገናኙ ግን «የሚጋጭ ግልባጭ» የሚል ሌላ ፋይል ይወለዳል፤ ከዚያ በኋላ የትኛው የትናንት፣ የትኛው የዛሬ እንደሆነ ለመለየት ሁለቱንም ጎን ለጎን ከፍቶ መስመር በመስመር ማንበብ የባለቤቱ ዕዳ ነው። የ1996ቱ ፓይለት በአንዲት ቁልፍ የጨረሰውን ጉዳይ ማለቴ ነው።

ኪቦርድ ያለው ታብሌት ግዛ የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አስተያየቱን ከመጻፋችሁ በፊት ዕቃውን ጉልበታችሁ ላይ አስቀምጣችሁ አንድ ገጽ ጻፉበት፤ የጀርባ ድጋፉ ከጉልበት እየተንሸራተተ በየአንቀጹ ትይዙታላችሁ። ነጭ ጠረጴዛ ላይ ተነሥቶ ጨዋታ የሚታይበትን ቪዲዮም እባካችሁ አትላኩልኝ፤ ከገምጋሚዎቹ አንዱ እንኳ በዚያች ኪቦርድ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ሲጽፍ አላየሁም። ይልቅ ከእናንተ መካከል የራሱን ስልክ ከተራ ስክሪንና ከተራ ኪቦርድ ጋር አገናኝቶ ሙሉ የሥራ ቀን የሚውል ካለ፣ የስልኩን ሞዴልና የሚያስቸግረውን ነገር በግልጽ ይጻፍልኝ። በተለይ ረዘም ያለ ሰነድ ላይ ሲሠራ ከበስተጀርባ የተከፈተውን ፕሮግራም ስልኩ ራሱ ይዘጋበት እንደሆነና ስክሪኑ እንደተሰካ ስልክ ቢደወል ምን እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ፤ እነዚህን ሁለቱን አንድም ሻጭ መልሶልኝ አያውቅም።