ዋጋ የደበቁልን ይባረኩ

እኔ ምለው፣ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ጫማ፣ አባያ፣ ሽቶ፣ የስልክ ከቨር ምናምን ለሚሸጡት ለደሴ ልጆች እስካሁን ቆሞ ያመሰገናቸው ሰው አለ? የለም። ሁሉም ኮመንት ላይ «ዋጋ?» ብሎ ጽፎ ይሄዳል፣ ከጀርባው ያለው ጥበብ ግን የታየው የለም። በቃ ዛሬ እኔ ላመስግን።

ድሮ እኮ ኋላ ቀር ነበርን። ሰኞ ገበያ ስትሄድ መደብ ዘርግታ የተቀመጠችው እናት ገና አፍህን ሳትከፍት «ና ልጄ፣ መደቡ በሃምሳ ነው፣ ላንተ በአርባ አምስት» ትልሃለች። አይ እማማ! ዋጋዋን አደባባይ አወጣችው፣ ጎረቤቷ ሰማች፣ እሷ ደሞ አርባ አለች፣ አንተም በአርባ ገዝተህ ሄድክ። ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። አሁን ተመስገን፣ ፒያሳ ያለው ልጅ ጫማውን በእጁ እያሽከረከረ ቪዲዮ ይሰራል፣ ዘፈን አለው፣ መብራት አለው፣ ሳይዙ ከ37 እስከ 43 ተብሏል፣ ቀለሙ ተብሏል፣ ነፃ ዴሊቨሪ ተብሏል፣ «ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን» ተብሏል (ይሄ ጥቂት ፍሬ ከረመዳን በፊት ጀምሮ አላለቀም፣ በረካ ያለበት ጫማ ነው መሰለኝ)። ዋጋውስ? «ዋጋ በኢንቦክስ»።

ሰው ይሄን ንቀት አርጎ ያየዋል። ኧረ በጭራሽ! ቲክቶክ እኮ ቪዲዮውን ለማን ላሳይ ብሎ ሲወስን ሰው ምን ያህል አየው፣ ኮመንት ጻፈ ወይ፣ ሼር አረገ ወይ የሚለውን ነው ሚቆጥረው። ልጁ ዋጋውን ቢጽፈው አንተ አይተህ፣ ኪስህን ዳብሰህ፣ ዝም ብለህ ታልፋለህ። ሲደብቀው ግን «ስንት ነው?» ትላለህ፣ ከስርህ ሌላው ይላል፣ አንዷ «ለኔም ላኩልኝ» ትላለች፣ አንዱ ተነስቶ «ዋጋ መጻፍ ምን ችግር አለው ቆይ?» ብሎ ይናደዳል፣ ሌላው ደሞ «ካልገዛህ ውጣ» ብሎ ይሰድበዋል፣ እነሱ ሲሰዳደቡ ቪዲዮው ከደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ተነስቶ ኮምቦልቻ ወርዶ ባቲ ገብቷል። የተናደደው ሰውዬም ሰራ እኮ፣ ስድብም ኮመንት ነው።

ልጁ ቡስት ላርግ፣ ማለትም ከፍዬ ቪዲዮዬ ለብዙ ሰው ይታይልኝ ቢል በዶላር ሊከፍል ነው፣ ውጪ ሚሰራ ካርድ ያለው ሰው ሊለምን ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደሞ ዶላር የት እንደገባ ታቃላችሁ። የኛ «ስንት ነው?» ግን በብርም አይከፈልበት። ሙሉ ከተማ የማስታወቂያ ሰራተኛ ሆኖ ተቀጥሯል፣ ያለፈተና፣ ያለልምድ፣ ያለዋስ፣ ያው ደሞዙ ብቻ ነው ትንሽ የዘገየው፣ እና አሁንም ስራ የለም እያላችሁ ታማርራላችሁ!

ኢንቦክስ መግባት ራሱ ደግሞ ክብር አለው። ቤታችሁ ውስጥ ማን ነው «ውዴ» ብሏችሁ ሚያቀው?

«ሰላም፣ ጫማው ስንት ነው?»
«ሰላም ውዴ፣ እንዴት ነህ?»
«አልሃምዱሊላህ። ጫማው ስንት ነው?»
«የቱ ውዴ?»
«ቪዲዮው ላይ ያለው።»
«እሺ ውዴ። የት ነህ ግን አንተ?»

እቺን «የት ነህ» ልብ በሏት። ልጁ ፕሮፋይልህን ከፍቶ እየመረመረህ ነው። ከፎቶህ ጀርባ የጦሳ ተራራ ካለ አንድ ዋጋ፣ ፎቅና ዘንባባ ካለ ሌላ ዋጋ። ጅዳ ሰው ቤት እየሰራች ለታናሽ እህቷ ልትገዛ የጠየቀችና እዚሁ ደሴ ሆጤ ቁጭ ብላ የጠየቀችው ታናሽዬዋ ለአንድ ጫማ አንድ ዓይነት መልስ አያገኙም፣ የጅዳዋ ጫማ ሁሌ ከበድ ይላል። ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር ልክህን ሚወስደው፣ አሁን ዋጋውም በልክህ ይሰፋልሃል። አንዳንድ ነገረኛ ደሞ በ2006 የወጣውን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ይጠቅሳል፣ ነጋዴ ዋጋውን ሱቁ ውስጥ በግልጽ ይለጥፍ ወይ ዕቃው ላይ ያድርግ ይላል እያለ። ይለጥፋል እኮ፣ ኢንቦክስህ ላይ ይለጥፋል፣ ምን ጎደለ?

ገዢውን ሳላመሰግን ባልፍ ደሞ ግፍ ነው። የኛ ልጆች ዋጋውን ሳያቁ መውደዱን ጨርሰው አሁን ዕቃውንም ሳያቁ መግዛት ጀምረዋል። ላቡቡ የሚሉትን ጥርሳም አሻንጉሊት ታቁታላችሁ፣ ካሲንግ ለንግ የሚባል ሆንግ ኮንግ የተወለደ ሰዓሊ በፈረንጆቹ 2015 የፈጠረው ነው፣ ፖፕ ማርት የሚባለው የቻይና ኩባንያ አሽጎ ይሸጠዋል፣ የትኛው እንደደረሰህ ሚታወቀው ከፍለህ ካርቶኑን ከቀደድክ በኋላ ነው። በ2024 የኮሪያ ዘፋኞች ቡድን የብላክፒንኳ ሊሳ ይዛው ታየችና ዓለም አበደ። ተመሳስሎ ሚሰራው ደሞ «ላፉፉ» ይባላል። እዚህ ከቦርሳ ላይ የተንጠለጠለው የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው፣ ጥርስ አለው፣ በቃ።

የስታንሊው ኩባያማ የብቻው ነው። ስሙ በፈረንጆቹ ከ1913 ጀምሮ በቴርሞስ ሚታወቅ ነበር፣ ትሬንድ ሲሆን በ2019 73 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ የነበረው የዓመት ሽያጩ በ2023 750 ሚሊዮን ደረሰ። ትልቁ ጥቅሙ ምንድነው ካላችሁ፣ በረዶው እንዳይቀልጥ። ደሴ ላይ! በኅዳር ጠዋት ፊትህን ለመታጠብ ከራስህ ጋር ሽማግሌ ምትልክበት ከተማ ላይ ልጅቷ በረዶ ማቆያ አቅፋ ፒያሳን ትዞራለች፣ ከፍታችሁ ብታዩት ውስጡ ሻይ ነው። ኮምቦልቻዎች ቢገዙ እንኳን ሙቀት አለባቸው እንላለን።

እኔ እንደውም ይሄ አሰራር ስልክ ላይ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል። የምግብ ቤት ሜኑ፣ የፀጉር ቤት፣ የባጃጅ ኮንትራት፣ ሁሉም ኢንቦክስ ይግባ። መናኸሪያ ረዳቱ «ኮምቦልቻ ኮምቦልቻ! አንድ ሰው የቀረው! ታሪፍ በኢንቦክስ!» ብሎ ይጥራ፣ እኛም ተጋፍተን እንግባ፣ ዋጋውን ሐረጎ ቁልቁለት መሃል ላይ ስትደርስ ይልክልሃል፣ ከተወደደብህ እዛው መውረድ ትችላለህ ውዴ።