አንድ ሐይቅ፣ ሁለት ማስታወቂያ

ዓመት ሙሉ ድምፁ የጠፋ ወዳጅ ድንገት «እንደምን ከረምክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» ብሎ ከጻፈላችሁ ሁለት ነገር ጠርጥሩ። ወይ ሊያገባ ነው፣ ወይ ብስክሌት ሊነዳ ነው። ሠርጉ ቢያንስ ያበላል። ብስክሌቱ ግን ከሰላምታው በታች የገንዘብ መለገሻ ሊንክ አስከትሎ ይመጣል።

መልእክቱ ሁሌም አንድ ነው። «እንደምታውቁት በየዓመቱ በሚካሄደው የሐይቅ ዳር የበጎ አድራጎት የብስክሌት ጉዞ እሳተፋለሁ። መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ፀሐይ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ዳገት አለ። እኔ ግን ለታመሙት ሕፃናት ስል ሁሉንም እችለዋለሁ። እናንተስ?» ነገረኛዋ ይቺ «እናንተስ?» ናት። ሰውየው ስለ አንተ ስንፍና አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ግን ሶፋ ላይ ተጋድመህ ስታነበው ሶፋው ይቆረቁርሃል።

ችግሩ፣ አዘጋጆቹም የራሳቸው ማስታወቂያ አላቸው። ተመዝጋቢ ለመሳብ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ውብ የሐይቅ ዳርቻ! ለስላሳ ነፋሻ አየር! ከቤተሰብዎ ጋር ዘና የሚሉበት ቀን!» መንገዱ ያው መንገድ ነው። ሐይቁም ያው ሐይቅ። ለተመዝጋቢው ገነት የነበረው ለለጋሹ ሲቀርብ ሲኦል ሆኖ ቁጭ ይላል። ብስክሌተኛው መሃል ላይ ቆሞ ሁለቱ ማስታወቂያዎች እንዳይገናኙ ይጸልያል። ይገናኛሉ። መሥሪያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ፈላጊ መቼም አይጠፋም። «ቆይ ቆይ፣ አንተ ሐይቅ ዳር ልትዝናና ነው እኔ የምከፍለው?»

መልስ የለውም። ሰውየው ልክ ነዋ!

ይኸው ነገር ፈላጊ ቀጥሎ የሚያመጣት ደግሞ አለች። «ለምን ገንዘቡን ዝም ብላችሁ አትሰጡም?» ብሎ ዙሪያውን ይቃኛል፣ ማን እንዳደነቀው ለማየት። ሲሰሙት ብልህ ጥያቄ ነው። ግን ሰው «ስጥ» ስለተባለ ብቻ አይሰጥም። እንዲሁ ባዶ እጅህን ብትዘረጋ ሁሉም «እግዜር ይርዳቸው» ብሎ ያልፋል። «እየተንገላታሁ ነው» ብለህ ስትመጣ ግን ኪሱ ውስጥ አንድ ነገር ይላወሳል። ላብ መያዣ ነው። አስይዘህ ትወስዳለህ።

ደግሞም ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ማሳቹሴትስን የሚያቋርጥ ፓን-ማስ ቻሌንጅ የሚባል ጉዞ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀመር 36 ሰዎች ነበሩ፤ ያሰባሰቡትም 10 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ዛሬ ለዳና-ፋርበር የካንሰር ተቋም ያስገባው ገንዘብ በድምሩ ከ1 ቢሊዮን ዶላር አልፏል። ያ ሁሉ ከሰው ኪስ የወጣው አንድ ወዳጅ፣ አንድ ዘመድ፣ አንድ ጎረቤት ኮርቻ ላይ ሲቁለጨለጭ ስለታየ ነው። «ዝም ብላችሁ ስጡ» ያለው ብልህ ግን እስካሁን ዝም ብሎም አልሰጠም።

ስለዚህ ሥቃዩ መታየት አለበት። ሐይቁ ጠላት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በረሃ ቢሆን አቧራው ራሱ ይመሰክርልህ ነበር። ሐይቅ ግን ምን ብታደርገው ያምራል።

ባለፈው ዓመት አንድ ማረፊያ ቦታ ላይ የታዘብኩትን ልንገራችሁ። አንድ ጎልማሳ ብስክሌቱን አጥር ላይ አስደግፎ ስልኩን ለጓደኛው ሰጠ። ሐይቁን ከኋላው አድርጎ ፈገግ አለ። ጓደኛው አነሳው። ጎልማሳው ፎቶውን ሲያይ ግን ፊቱ ተኮማተረ።

«ኧረ ይሄ ሽርሽር ይመስላል!»

ከኮዳው ውሃ ግንባሩ ላይ አፈሰሰ። አንገቱንም አረጠበ። አፉን ከፈት፣ ዓይኑን ጨፈን አደረገ።

«አሁንስ?»

«አሁን አሪፍ ነው። ግን ከኋላህ ጀልባ አለ።»

ጀልባዋ ነጭ ሸራዋን ወጥራ ቀስ እያለች ታልፋለች። እስክታልፍ ጠበቋት። እሷ ስታልፍ ዳክዬዎች ከነልጆቻቸው መጡ። ቢጨንቀው ሐይቁን ተወውና ከተንቀሳቃሽ መጸዳጃ ቤቶቹ ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሳ። እዚያ ፊቱ ላይ የታየው ሥቃይ የምር ነበር።

የሚያሳዝነው፣ ማስመሰሉ ባላስፈለገም ነበር። የሐይቅ ዳር መንገድ እውነትም ያንገላታል። ነፋሱን ብቻ ውሰዱ። በማለዳ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ከውሃው ፈጥኖ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ፣ ሐይቁ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ይህ የሚሆነው ልክ እግርህ መዛል ሲጀምር ነው። ከጎን ይመታሃል፤ መንገዱ ሲታጠፍ ደግሞ ፊት ለፊት ይቀበልሃል። አዘጋጆቹ «ለስላሳ ነፋሻ አየር» ያሉት እሱን ነው። አልዋሹም፤ አቅጣጫውን አልነገሩህም እንጂ።

ትንኙም አለ። የሐይቅ ትንኝ ከውሃው በመንጋ ይነሳል። አብዛኛው አይናከስም፤ ክንፍ ካወጣ በኋላ ምግብም እምብዛም አይቀምስም። አንተ ግን እሱን ትቀምሰዋለህ፣ በተለይ ዳገት ላይ አፍህ ሲከፈት። ዳገት ከየት መጣ አትበሉኝ። የውሃውን ዳር ባለ ቪላዎቹ ቀድመው ስለያዙት መንገዱ ኮረብታ ለኮረብታ ይሄዳል። የሐይቅ ዳር የተባለው ጉዞ ግማሹ የሀብታም አጥር ዳር ነው።

የመቀመጫውን ነገር በጨዋ ደንብ ማውራት ይከብዳል። ስፖንጅ ያለው ጥብቅ ቁምጣ ከሥሩ ምንም አይለበስበትም፤ የውስጥ ሱሪ ስፌት ቆዳ ይልጣል። ጀማሪ ይህን ሲነግሩት ያፍርና ደርቦ ይመጣል። እሱን ከሩቅ ትለየዋለህ። ከማረፊያው በኋላ ኮርቻው ላይ የሚወጣው እያመነታ ነው። ስለ ብስክሌቱ ዋጋ ደግሞ ባናነሳው ይሻላል። አንዳንዱ ለሕፃናቱ ከሚሰበስበው ይልቅ የነዳበት ብስክሌት ቢሸጥ የተሻለ ያወጣል።

ዓለም ላይ ይህን ነገር አምርረው የያዙ አሉ፤ የሚዞሩት ለእርዳታም ይሁን ለወኔ። ስዊድኖች እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ቬተርን ሐይቅን ይዞራሉ፤ 315 ኪሎ ሜትር ነው፣ ብዙዎቹ ሲነዱ ያድራሉ። ኒውዚላንዶች ታውፖ ሐይቅን እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ይዞራሉ፤ እሱ 160 ነው። ጃፓኖች ቢዋ ሐይቅን ሲዞሩ ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ ነው የሚመከረው። እነሱ ዘንድ የሚነዳው በግራ ስለሆነ ሐይቁ በግራህ ይውላል፤ በአንተና በውሃው መካከል የመኪና መንገድ አይገባም። ሐይቁን በደንብ እንድታየው ተጨንቀውልሃል።

አታየውም።

ነፋስ ባለበት ሰው የሰው ጀርባ ይጠለላል። ከፊትህ ያለውን ተጠግተህ ከነዳህ ከጉልበትህ ሩቡን ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ታተርፋለህ። ግን ጎማህ ጎማውን እንዳይነካ ቀና ማለት የለም። ረጅም ሰዓት የምታየው የማታውቀውን ሰው መቀመጫ ነው። ስፌቱን ታጠናለህ። የሳሳበትን ቦታ ታውቃለህ፣ ባታውቀው ይሻል ነበር። ፊቱን ግን መጨረሻው ላይ ብታገኘው አትለየውም። ቤት ስትገባ «ሐይቁ እንዴት ነበር?» ሲሉህ «ሰማያዊ ነው» ትላለህ። ቁምጣውም ሰማያዊ ነበር።

ከለጋሾች ሁሉ የሚያስፈራው ብስክሌተኛው ለሚነዳው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ሊከፍል ቃል የገባው ነው። ቁርጥ ያለ ገንዘብ የሰጠ ሰጥቶ ይረሳል። በኪሎ ሜትር የሚከፍል ግን ባለድርሻ ነው። ቃሉን የገባው ማታ፣ ሆዱ በራራበት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ በሚያየው ግሩፕ ላይ ነው። ጭብጨባው ዘነበለት። ሒሳቡን የሠራው ሲነጋ ነው። በመቶ ሲያባዛው ላብ ላብ አለው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጸሎት አለው፤ አንዱ ሕፃናቱ እንዲድኑ፣ ሌላው ጎማው እንዲተነፍስ።

የጉዞው ዕለት ካርታውን ከፍቶ በስልኩ ይከታተላል። ብስክሌተኛው ያለበትን የምታሳየው ትንሿ ነጥብ በተንቀሳቀሰች ቁጥር ውጋት ይይዘዋል። ሠላሳ። አርባ። «ይሄ ሰውዬ እንዲህ ጎበዝ ነበር እንዴ?» ስልሳ ላይ ነጥቧ ቆመች። ከሶፋው ተነስቶ ተቀመጠ።

«ምነው፣ ደህና ነህ?» ብሎ ጻፈ።

«ጎማ ተነፈሰብኝ።»

«አይዞህ ወንድሜ። ከሁሉ በላይ ጤና ነው። እስካሁን የሄድከው ራሱ በቂ ነው።»

በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ ወንድማማችነት ከዚያ በፊት ታይቶ አያውቅም።

ጎማው ተቀየረ። ነፋሱ ግን አልተቀየረም። ሰባ አምስት ላይ፣ የደከመውን እየለቀመች ከኋላ የምትመጣው መኪና ደረሰችበት። ሹፌሩ ምንም አላለም። በሩን ብቻ ከፈተለት። ብስክሌቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ሰውየው መስኮቱ ጋ ተቀመጠ። ሐይቁን ያየው ያኔ ነው። «እንዴ! እንዲህ ያምራል እንዴ?» አለ። ሹፌሩ በየዓመቱ ይህንኑ ስለሚሰማ ዞር ብሎም አላየው። ወዳጃችን ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳና «የሐይቁ ውበት ድካሜን አስረሳኝ» ብሎ ለጠፈው።

ነጥቧ ካርታው ላይ መብረር ጀመረች። ሰማንያ። ዘጠና። ለጋሹን ብርክ ያዘው። በዚህ ነፋስ ይሄ ፍጥነት? ፎቶውን ከፈተና በሁለት ጣቱ አሰፋው። ሰማዩ ላይ ደመና መስሎት የነበረው የመኪና መስታወት ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው። በአንዱ ጥግ ደግሞ የደህንነት ቀበቶ ይታያል።

«እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ» ብሎ ጻፈ። «ለነገሩ፣ በመኪና የተሄደውም ይቆጠራል?»

መልሱ እስኪመጣ ትንሽ ቆየ።

«ለታመሙት ሕፃናት ምን ልዩነት አለው?»