ሱሉልታ ላይ ቀስ ብሎ መሮጥ

አሜሪካ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ቦርጩን ይዞ መንገድ ዳር ቢሮጥ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሱሉልታ ላይ ያው ሰው ብቅ ሲል ግን ጋሪ ነጂው ሳይቀር ፈረሱን ያዘገያል። ልጆቹ "ጋሼ አይዞዎት፣ ደርሰዋል!" እያሉ ያጅቡታል። ወዴት እንደሚሄድ ሳያውቁ "ደርሰዋል" ማለታቸው ነው ደስ የሚለው።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ነው። እዚያ ካሉ ሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ሌድቪል የምትባል የተራራ ከተማ ሄደን ማራቶን ሮጠናል። ሀገር ቤት ስመጣ ደግሞ አብሮ አደጎቼን በሌሊት ቀስቅሼ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሱሉልታ ወሰድኳቸው። ሁለቱን ማወዳደር የጀመርኩት ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ነው።

ሌድቪል ከፍታዋ 3,094 ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ከእንጦጦ አናት ብዙም አትለይም። እዚያ ላይ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ከሚያገኘው በሲሶ ገደማ ያንሳል። የማራቶኑ መንገድ ደግሞ በዚህ አይበቃውም። ሞስኪቶ ፓስ እስከሚባለው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ እስካለው የተራራ መተላለፊያ ድረስ ይወጣል። ዳገቱን የሚሮጡት ጥቂቶች ናቸው። ሌላው እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ ይራመዳል። እኛም ተክለን ወጣን።

ከተማዋ በማዕድን የኖረች ናት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ክላይማክስ የሚባለው የሞሊብደነም (ብረት ማጠንከሪያ ማዕድን) ማውጫ ሲዘጋ ብዙ ሰው ሥራ ፈታ። ያኔ ኬን ክሎበር የተባለ የማዕድን ሠራተኛ የ100 ማይል ሩጫ እናዘጋጅ ብሎ ተነሳ። 161 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ይህን ያህል የሮጠ ሰው በዚያው ቀን መኪና ነድቶ ቤቱ አይገባም። እዚያው አልጋ ተከራይቶ ያድራል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ከተማዋም ገቢ ታገኛለች። ሩጫው በ1983 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ፤ በ30 ሰዓት ውስጥ ለገባ ሁሉ የቀበቶ ዘለበት ይሰጣል። ሌድቪል አሁን የምትታወቀው ከማዕድኑ ይልቅ በሩጫዋ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። እኛ የሮጥነውም ማራቶን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ከኛ ኋላ የገቡ አንዲት ሽበታም ሴትዮ ነበሩ። መንገድ ዳር ያለው ሰው ወንበሩን አጥፎ ሊሄድ ከጀመረበት ተመልሶ አጨበጨበላቸው።

ፈረንጁን ላሞግስ ብዬ ግን አይደለም። መመዝገቢያው ከ100 ዶላር በላይ ነው። "ብሞት ኃላፊነቱ የራሴ ነው" የሚል ወረቀትም ያስፈርማሉ። ሁሉም አንጓው ላይ ያሰረውን ሰዓት እያየ ለብቻው ይሰቃያል። አብረን በአንድ መኪና የሄድን ጓደኛሞች ራሱ ከመጀመሪያው ዳገት በኋላ የተገናኘነው ምግብ ቤት ነው።

ሱሉልታ ሌላ ዓለም ነው። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሽሮሜዳ ተነሳን፤ በመኪና ነው ታዲያ። በእንጦጦ ዳገት ጀሪካን ይዘው ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል የሚወጡ ሰዎችን አለፍናቸው። ሱሉልታ ስንደርስ ሰማዩ ገና መግለጡ ነው። የክለብ ሰርቪሶች አስፋልቱ ዳር ቆመዋል። አትሌቶቹ ጃኬት ደራርበው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። በ2,700 ሜትር ገደማ ላይ የጠዋት ብርድ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ ጫካ ገቡ። ቀጥ ብለው አይሮጡም። በባሕር ዛፉ መሃል እየተጠማዘዙ፣ እየዞሩ፣ አንዱን ዛፍ በግራ ሌላውን በቀኝ እየተዉ ይሄዳሉ። አንዱ ይመራል። የተቀሩት እግር በእግር ይከተሉታል። መሪው ጉቶ ወይም ጉድጓድ ሲያይ በእጁ ያመለክታል፤ ምልክቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይተላለፋል። ብቻውን ልምምድ የሚሠራ አትሌት በበጎ አይታይም። ብቻውን የሚበላን ሰው እንደምናማው ይታማል። በዚህ በኩል ሀገር ቤት አሜሪካንን አስከንድቷል።

እኛስ? አንዱ ጓደኛዬ ባንክ ይሠራል፣ ሌላው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው። ሁለቱም "ስፖርት እሠራለሁ" ሲሉ በሳምንት አንዴ ኳስ ማለታቸው ነው። የአትሌቶቹ ሰልፍ በኛ በኩል ሲመጣ ባንከሩ ቀጥ ብሎ ቆመና መንገድ ለቀቀ።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ሥራ ላይ እኮ ናቸው" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሀገር ቤት ሩጫ ሥራ ነው። እነዚያ ልጆች ከየገጠሩ መጥተው፣ ጠባብ ቤት በጋራ ተከራይተው፣ ማናጀር የሚያገኙበትን፣ ውጭ ወጥተው አንድ ጥሩ ሰዓት የሚያስመዘግቡበትን ቀን ይጠብቃሉ። አንድ ጥሩ ጫማ ለነሱ የእንጀራ ጉዳይ ነው። እዚያው ሱሉልታ ቀነኒሳ በቀለ ያሠራው መሮጫ ትራክ አለ። ከሱ ደጃፍ ላይ ሆኖ "እኔም ሯጭ ነኝ" ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ችግሩ ሩጫን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየታችን ነው። የምናውቀው አንደኛውን ብቻ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 (እ.ኤ.አ.) ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉን የማያውቅ ልጅ የለም። በ25 ሰከንድ ተቀድሞ ሁለተኛ የወጣው የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም መሆኑን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? ሁለተኛው ይህ ከደረሰበት፣ ከሁሉም በኋላ የሚገባውን የባንክ ሠራተኛ ማን ይጠብቀዋል?

ታላቁ ሩጫ አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ እኔም እወደዋለሁ። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ካስጀመረው ወዲህ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያንን ቲሸርት ለብሶ ይወጣል። ግን እሱ በዓል ነው። ከፊት አትሌቶቹ ይበራሉ፣ ከኋላ ሕዝቡ እየዘፈነ፣ ውኃ እየተራጨ ይራመዳል። እኔ የምፈልገው በሁለቱ መካከል ያለውን ሰው ነው። ሳይዘፍንም ሳይበርም፣ ቀስ ብሎ ግን የምሩን የሚሮጠውን። ሌድቪልን ያቆማት እሱ ነው። የሱሉልታን አልጋ ቤቶችና ሥጋ ቤቶች ሊጠቅም የሚችለውም እሱ ነው እላለሁ። አትሌቱማ ልምምዱን ጨርሶ ሰርቪሱ ላይ ይወጣል።

ስንመለስ ከእንጦጦ የማገዶ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አገኘን። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ሸክሙ ከነሱ ቁመት በልጦ። መለዋወጫ ነጋዴው የእጅ ሰዓቱን አየና "እኛ ለዚህ ነው ስናቃስት የዋልነው?" አለ። አፍረን ዝም አልን። ከዚያ ግን ረሳነውና ወደ ቁርስ ክርክራችን ተመለስን።

ክርክሩ ይህ ነው። እኔ ከእንጦጦ ማርያም ተነስቶ በጫካው ወደ ሱሉልታ የሚወርድ ሩጫ ይዘጋጅ፣ ዘገምተኛውም እስከ ማታ ይጠበቅ አልኩ። ባንከሩ "አምቡላንሱን ማን ያቆማል? ለፈቃዱስ ስንት ቢሮ ሊያስኬደን ነው?" አለ። ነጋዴው ስለ ሲኖትራኮቹ ተጨነቀ። የጎጃም መንገድ ላይ ሲኖትራክ ለሯጭ ፍሬን ይይዛል ብላችሁ አትጠብቁ። እኔ ጫካ ለጫካ ይሁን አልኩ። "ጅቡስ?" አለኝ። ጅብ እንጦጦ ላይ እንዳለ የምክደው ነገር አይደለም። በቀን ነው የምንሮጠው ብዬ አለፍኩት።

በመጨረሻ የተስማማነው ውድድሩን ትተን፣ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ፣ እኛው የሰፈር ልጆች ግማሹን ርቀት በራሳችን እንድንሞክር ነው። መድረሻው የት ይሁን በሚለው ላይ ነጋዴው አንድ የሚያውቀውን ሥጋ ቤት ጠቁሟል፤ ተቃውሞ አልቀረበም። ጫማ ከአሜሪካ የማመጣው እኔ ነኝ። ቁጥራቸውን ልከውልኛል። ባንከሩ 46 ያደርጋል፣ ቀለሙም ጥቁር ይሁንልኝ፣ ቢሮም ላደርገው እችላለሁ ብሏል።